«አረፍ ይበሉ» ያልኩበት ቀን

ጡረታ ስወጣ የጤና ጣቢያው ሰዎች ብርድ ልብስና የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ። ኬክ ተቆረሰ፤ ንግግርም ተደረገ። ኃላፊያችን ተነሥቶ «ሲስተር ወይንሸት ለአቃቂ ሕዝብ ትንፋሽ ነበረች» ሲል ሁሉም አጨበጨበ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ትሕትና የመሰላቸው አሉ። ትሕትና አልነበረም፤ ጋሽ ሰማን ፊቴ ላይ ድቅን ብለውብኝ ነው። ጋሽ ሰማን እዚሁ አቃቂ፣ በሰቃ ሰፈር ሱቅ የነበራቸው የስልጤ ሰው ናቸው። ትንፋሻቸውን ከቀሟቸው ነገሮች አንዷ እኔ ነኝ።

ይህን የምጽፈው ጭብጨባው ስላልተዋጠልኝ ነው። ሠላሳ ሰባት ዓመት የሠራ ሰው የሚያኮራው ነገር አያጣም፤ እኔም አላጣሁም። የሚያኮራውን ግን ሌሎች ተናግረውልኛል፤ ለእኔ የቀረልኝ ሌላው ነው።

ነርስ ሆኜ ስመረቅ ሃያ ሦስት ዓመት አልሞላኝም ነበር። መጀመሪያ የተመደብኩት አርሲ ውስጥ፣ ከመኪና መንገድ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ርቆ በሚገኝ ክሊኒክ ነው። ሦስት ዓመት ሳዋልድና ቁስል ሳጥብ ቆየሁና ወደ አቃቂ ተዛወርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ አላልኩም። ስለ ደሞዙ አላወራም፤ ጥርስ ከማፋጨት በቀር ትርፍ የለውም። የሞላሁት የወር ሪፖርት ደግሞ ተቆልሎ ቢታይ የጎረቤቴን አጥር ያክላል። አንዱንም ተመልሶ ያነበበው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሳንባን ያወቅሁት አቃቂ ስመጣ ነው። እዚህ ሰው የሚታመመው በእንጀራው ነው። አንዱ ጥጥ ሲያበጥር ኖሮ፣ አንዱ ድንጋይ ሲፈልጥ፣ አንዱ ብረት ሲያቀልጥ፣ ሚስቱ ደግሞ በኩበት ጭስ ወጥ ስትሠራ። ሳንባ ነቀርሳ ይዞት የዳነም በየሰፈሩ ሞልቷል። ድኗል እንላለን እንጂ ያ በሽታ ሲወጣ ቤቱን አፍርሶ ነው የሚወጣው። ሰው ሁሉንም «አስም» ወይም «ብሮንካይት» ይለዋል። እኛ ካርዱ ላይ ረዘም ያለ ስም እንጽፍለታለን፤ የበሽታው ጠባይ ግን ያው ነው፤ ቀን ይሰጣል እንጂ አይለቅም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው። ጋሽ ደምሴ ድሬሰር ነበሩ። የዛሬ ልጆች አያውቋቸውም እንጂ ድሬሰር የሚባሉት ቁስል ከማሰር ጀምረው ብዙ ዓመት ከበሽተኛ ጋር በመዋል ሐኪም ለመሆን ጥቂት የቀራቸው ሰዎች ነበሩ። ቀጭን፣ ነገረኛ፣ ነጭ ካፖርታቸውን ቤት ወስደው ራሳቸው የሚተኩሱ ሰው ነበሩ። ምስጋና የሚባል ነገር ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ከተሳሳትሽ «ጎሽ» ይላሉ፤ ካልተሳሳትሽ ዝም።

በሽተኛን «እንዴት ነዎት?» ብለው አይጠይቁም። «ይሄን ጥያቄ ለዘመድሽ አቆዪው» ይሉኝ ነበር። «የሐበሻ በሽተኛ ነፍሱ አፍንጫው ላይ ደርሳም 'እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ' ነው የሚልሽ።» እሳቸው የሚጠይቁት «ማታ በስንት ትራስ ተኙ?» ብለው ነው። ባለፈው ወር በአንድ ትራስ ይተኛ የነበረ ሰው ዛሬ ሦስት ካለ፣ አፉ የፈለገውን ቢል ብሶበታል ማለት ነው። ከዚያ የልብ ምት የሚቆጥሩ መስለው የእጁን አንጓ ይይዛሉ። ዓይናቸው ግን ደረቱ ላይ ነው፤ የሚቆጥሩት ትንፋሹን ነው፣ ሙሉ ደቂቃ። ሰው ትንፋሹ እየተቆጠረበት መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱን ያሳምራል ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

አንድ ቀን ደግሞ የለስላሳ መጠጫ ስትሮ ሰጡኝና «አፍንጫሽን ያዢ፤ በዚህ ብቻ ተንፍሺ፤ አሁን በጀርባሽ ተኚ» አሉኝ። ደቂቃ ሳይሞላ ተፈናጥሬ ተነሣሁ። ከዚያ ወንበር ላይ አስቀምጠው ወደ ፊት አስጎነበሱኝና ክርኖቼን ጠረጴዛው ላይ አስደገፉኝ። በዚያው ቀጭን ስትሮ መተንፈስ ቻልኩ፤ ባይመችም ቻልኩ። «አየሽ» አሉኝ፣ «ተንጋለው ሲተኙ ሆድ ወደ ላይ ይገፋል፣ ሳንባ ቦታ ያጣል። ቀና ብለሽ ክርንሽን ስትደገፊ ግን ትከሻሽም አንገትሽም ለትንፋሽ ይሠሩልሻል። በሽተኛ ይሄን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። አንቺ እንዳታስረሺው ብቻ።»

አንዱ ሳንባው የፈረሰ ሰው ሲገባ አልጋው ራስጌ ላይ በጠመኔ ቀስት ይሥሉ ነበር። ቀስቱ ደኅናው ሳንባ በየት በኩል እንዳለ ያሳያል፤ በሽተኛው ጋደም ካለም በዚያ ጎኑ ነው። ምክንያቱን ሲያስረዱ «ደም እንደ ውኃ ቁልቁል ይወዳል» ይላሉ። «ታች ያለው ሳንባ ብዙ ደም ይደርሰዋል። ታች ያደረግሽው የፈረሰውን ከሆነ፣ ደሙ ከፍርስራሹ ጋር ሰላምታ ተለዋውጦ ባዶ እጁን ይመለሳል።» ቀኝ ጎኗን ይዛ እያቃሰተች የገባችን ሴት ወደ ግራ ስናዞራት የከንፈሯ ቀለም ሲመለስ ያየሁት በዚያ ዘመን ነው። መድኃኒት ገና አልሰጠናትም ነበር።

ጋሽ ደምሴ ግን የራሳቸውን ሕግ አያመልኩም። አንድ የቀለም ሠራተኛ መጣ፤ ስናስቀምጠው ይጨንቀዋል፣ ስናስተኛው ይለቀዋል። እኔ ያስተማሩኝን ይዤ በግድ ላስቀምጠው ስታገል ደረሱብኝ። «ጎሽ» አሉኝ። «ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሳንባው አላነበበውም። ሰውየውን ጠይቂው እንጂ።»

ከሁሉ በላይ የሚጠሉት አንድ ቃል ነበር፤ «አረፍ ይበሉ»። ይህን ቃል ለበሽተኛ ስትናገር የሰሟትን ነርስ በሰው ፊት ይቆጧታል። «አረፍ በል ለእንግዳ ነው የሚባለው። ለእንግዳ ስትይው ይቀመጣል፤ ለደከመው ስትይው ይተኛል፤ ሰውየው አረፈ ያልሽ እንደሆነ ደግሞ ሞቷል። ሦስቱን ባንድ ቃል ጠቅልለሽ ለሕመምተኛ አትስጪ። ተቀመጥ በይው፤ ወይ ተኛ በይው፤ በየትኛው ጎኑ እንደሆነም ንገሪው።» አንድ ባልደረባችን፣ ባሏ እንዴት እንደሆነ ለጠየቀችው ሴት «አሁን አርፏል» ብሎ መልሶላት ሴትዮዋ ነጠላዋን ጥላ ደረቷን ስትመታ መላው ግቢ ወጥቶ ነበር። ባልየው ውስጥ ተቀምጦ ሾርባ ይጠጣል። ሆዳችንን ይዘን ሣቅን። ጋሽ ደምሴ አልሣቁም።

እሳቸው ጡረታ በወጡ በዓመታቸው ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ስንት አለቃ እንደተቀያየረ ቁጥሩ ጠፍቶኛል። አንዱ ስብሰባ ይወዳል፣ አንዱ አበባ ያስተክላል፣ አንዱ ጥሩ ሰው ነበር፤ ቶሎ ተዛወረ። የጠመኔውን ቀስት «የንጽሕና ጉድለት» ብሎ ያስጠረገውም ከነዚሁ አንዱ ነው። እኔም ዝም አልኩ። ያኔ የማሳድጋቸው ልጆች ነበሩኝ፣ ከአለቃ ጋር መጣላት ሰልችቶኝ ነበር፤ ደግሞም ቀስቱ ራሴ ውስጥ አለ ብዬ አስቤ ነበር።

ጋሽ ሰማን የክትትል በሽተኛዬ ሆነው ዓመታት ቆይተዋል። በወጣትነታቸው ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ የጥጥ ማበጠሪያ ክፍል ሠርተዋል። እዚያው ሳሉ ሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው ዳኑ፤ ግራ ሳንባቸውን ግን ይዞባቸው ሄደ። በራጅ ሲታይ ቀኙ ጥቁር፣ ግራው የተጨማደደ ነጭ ነበር። ከፋብሪካው ወጥተው በሰቃ ላይ ሱቅ ከፈቱ፤ ሳሙና፣ ስኳር፣ ባትሪ ይሸጣሉ። እንደሳቸው ያለ ታዛዥ በሽተኛ አላየሁም። ስምንት ሰዓት ይምጡ ካልኳቸው ሰባት ተኩል ላይ በሩ ላይ ናቸው። በአፋቸው የሚስቡትን ፓፍ በቀን ሁለቴ ካልኳቸው ሦስተኛ አይነኩትም። «ሐኪም ካለ አለ ነው» ይላሉ። እኔን ነርሷን ማለታቸው ነው፤ ደስ ይለኝ ነበር።

ያን ቀን ሐሙስ ነው፤ የግፊትና የስኳር ክትትል ቀን። መተላለፊያው ሰው በሰው ሆኗል። ዶክተር ገመቹ፣ ወጣቱ ሐኪማችን፣ ክፍለ ከተማ ለስብሰባ ተጠርቷል። ጋሽ ሰማን ከልጃቸው ከሙኒራ ጋር መጡ። ሙኒራ ያኔ ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሱቁን የምትይዘው እሷ ነበረች። መንገዱ ተቆፍሮ ታክሲው ሩቅ ስላወረዳቸው ቀሪውን በእግራቸው መጥተዋል። ጋሽ ሰማን ቃል ማውጣት አቅቷቸው በእጃቸው ሰላም አሉኝ።

«እንዴት ነዎት ጋሽ ሰማን?» አልኳቸው። ስለ ትራስ አልጠየቅኳቸውም።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ትንፋሽ ወሰዱና «ደኅና ነኝ» ብለው ጨረሱት።

ግፊታቸውን ለካሁ፤ ሁለት መቶ በመቶ አሥር። በኮሮና ጊዜ የመጣችልንን ትንሿን የኦክስጅን መለኪያ ጣታቸው ላይ ሰካሁ፤ ሰማንያ ስድስት። ጤነኛ ሰው ከዘጠና አምስት አይወርድም፤ ለሳቸው ግን ሰማንያ ዘጠኝ የተለመደ ስለነበር ብዙም አልደነገጥኩም። ዓይኔን የሳበው ግፊቱ ነው። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ግፊቱ እንደሚወጣ፣ መጀመሪያ አስቀምጦ ኦክስጅን መስጠትና ሩብ ሰዓት ቆይቶ እንደገና መለካት እንደሚገባ ለስንቱ ተለማማጅ አስተምሬያለሁ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግን ግፊት ከዚህ በላይ ሲሆን ይህን ስጥ ይላል። ሰልፉም በር ላይ ቆሞ ያየኛል። ሰጠኋቸው። ኒፈዲፒን ነው፤ የደም ሥር አስፍቶ ግፊት የሚያወርድ፣ ብዙ ሰው በየቀኑ የሚውጠው ተራ ክኒን።

ከዚያ ሙኒራን «ወደ ውስጥ አስገቢያቸው፤ አልጋው ላይ አረፍ ይበሉ፤ መጣሁ» አልኳት።

እኔ በልቤ የታየኝ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው ክርናቸውን ጠረጴዛው ላይ ሲደግፉ ነበር። ሙኒራ የሰማችው ግን ማንም ሰው የሚሰማውን ነው። ለታመመ ሰው አልጋ አሳይተሽ አረፍ ይበል ካልሽ ተኛ ማለትሽ ነው። ጫማቸውን አወለቀችና አስተኛቻቸው። የመስኮቱ ብርሃንና የአላፊ አግዳሚው ዓይን እንዳያስቸግራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞረችላቸው። ግድግዳው በግራቸው፣ በፈረሰው ሳንባ በኩል ነበር።

«መጣሁ» ማለት በእኛ መሥሪያ ቤት ምን ማለት እንደሆነ የታወቀ ነው። የመጣሁት ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው። ሙኒራ አጠገባቸው ተቀምጣ ካልሲያቸውን ታጣጥፋለች።

«እንቅልፍ ወስዶታል» አለችኝ በሹክሹክታ።

እንቅልፍ አልነበረም። ከንፈራቸው ጠቁሮ ወደ ሰማያዊ ሄዷል። ብጠራቸው አይሰሙም። መለኪያዋ ስድሳ አንድ ትላለች። ከሙኒራ ጋር አንሥተን አስቀመጥናቸው፣ የኦክስጅኑን ጭምብል አጠለቅኩላቸው፣ አምቡላንስ አስጠራሁ። እጄ ከልማዱ የግፊት መለኪያውን አነሣ። መቶ ሠላሳ በሰባ፤ ካርድ ላይ ሲጻፍ የሚያስመሰግን ቁጥር። አምቡላንሱ ውስጥ አብሬያቸው ገባሁ። መንገዱን ከሞሉት ጭነት መኪናዎች መሀል ሳንወጣ፣ ቃሊቲን ሳናልፍ ሞቱ።

ሙኒራ ከፊት፣ ከሾፌሩ ጎን ነበረች። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንወርድ ፊቴን አይታ ገባት። አላለቀሰችም። «ሲስተር፣ ስላስተኛሁት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። እኔ ግን ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ፤ ሁለቱም ክፉ ናቸው። መጀመሪያ «የአላህ ውሳኔ ነው» አልኳት። ደግማ ስትጠይቀኝ «እንዲህ ያለ በሽተኛ ተንጋሎ አይተኛም» አልኳት፣ እንደ አስተማሪ፣ ዓይኗን ሳላይ። ካርዱ ላይም ታካሚው በጠና ደክሞ እንደመጣ ጻፍኩ። ውሸት አልነበረም። እንደዚያ የጻፍኩት ግን ራሴን ለመሸሸግ ነው።

በሳምንቱ ዶክተር ገመቹ ካርዱን ይዞ መጣ። ገመቹ የአካባቢው ገበሬ ልጅ ነው፤ አባቱ አቃቂ ወንዝ ዳር ጎመንና ቀይ ሥር ያመርቱ ነበር። በሩን ዘግቶ ተቀመጠ።

«ሲስተር፣ ኒፈዲፒን ሰጥተዋቸዋል?»

«ሰጥቻቸዋለሁ። ግፊታቸው ሁለት መቶ ነበር።»

«አልፈርድብዎትም፤ ወረቀቱም ያንኑ ነው የሚለው» አለኝ። «ግን ይሄን ይስሙኝ። አባቴ አትክልት ሲያጠጣ ወደ ደረቀው መደብ የሚሄደውን ቦይ በጭቃ ይደፍነዋል፤ ውኃው ለሚበቅለው እንዲሄድ። ሳንባም እንደዚያ ያደርጋል። አየር ወደማይደርስበት ክፍል የሚሄደውን ደም ሥር ያጠበዋል፣ ደሙ አየር ወዳለበት እንዲዞር። ይሄ መድኃኒት ደግሞ ደም ሥር ያሰፋል፤ የቱን ማስፋት እንዳለበት አይመርጥም። የተደፈነውን ቦይ ሁሉ ይከፍተዋል። ግፊቱ ይወርዳል፤ ደሙ ግን ወደ ደረቀው መደብ ይፈስሳል።»

«ያ ብቻ ሰው ይገድላል?»

«ብቻውን ላይገድል ይችላል። ብዙ የሳንባ በሽተኛ ወስዶት ምንም አይሆንም። ግን አንድ ሳንባቸው የሌለ፣ ኦክስጅናቸው ቀድሞ የወረደ ሰው፤ በዚያ ላይ በግራ ጎናቸው ተኝተው...» አልጨረሰውም። ተነሥቶ በሩ ጋ ሲደርስ «ምናልባት ያለዚያም ይሞቱ ነበር» አለኝ።

ደግ ልጅ ነው። ያቺን «ምናልባት» ሦስት ዓመት እንደ ምርኩዝ ተደግፌባታለሁ። ግድግዳው ላይ የነበረውን ወረቀት ተነጋግረን አስቀየርነው። ተለማማጆቹን ስለ ግራና ቀኝ፣ ስለ መድኃኒቱም እስኪሰለቹ ነዘነዝኳቸው። ሌላ ሰው እንዳይሞት የቻልኩትን አድርጌያለሁ። ሙኒራ ጋ ግን አልሄድኩም። ሱቁን ሸጠው እናትና ልጅ ኮዬ ፈጬ ገቡ ሲባል ሰማሁ፤ እውነቱን ለመናገር መራቃቸው ቀለለኝ።

ጡረታዬ አንድ ወር ሲቀረው እትዬ ዘይነባ፣ የጋሽ ሰማን ባለቤት፣ መጡ። እግራቸው አብጧል፤ ወገባቸውን ይዘው ነው የሚራመዱት።

«ምን ሆኑ እትዬ ዘይነባ?»

«ልጄ መተኛት ከለከለችኝ» አሉኝ።

የሚቀልዱ መስሎኝ ፈገግ አልኩ።

«እውነቴን ነው ሲስተር። ሶፋ ላይ ትራስ ደጋግፋ ታስቀምጠኛለች። ጋደም ስል ካየችኝ ትነቀንቀኛለች። ጀርባዬ ፍራሽ ካየ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። ቆጥቼም ለምኜም አልሆነልኝ። 'ሲስተር ራሳቸው ነግረውኛል፣ ተንጋሎ መተኛት ይገድላል' ትለኛለች። እኔ ሳንባ የለብኝ፣ ምን የለብኝ።»

ደረታቸውን አዳመጥኩ። ሳንባቸው የወጣት ነው። ልባቸውም ደኅና ነው፤ እግራቸው ያበጠው ሌሊቱን ሁሉ አንጠልጥለውት ስለሚያድሩ ነው። «እንደ ልብዎ ይተኙ፤ ምንም የለብዎትም» አልኳቸው።

«ለኔማ እኔም አውቃለሁ። ለሷ ንገሪልኝ፤ ያንቺን ቃል ትሰማለች።»

እነግራታለሁ ብዬ ሸኘኋቸው። በማግሥቱ መሄድ ነበረብኝ። ፈራሁ። ገና ሠራተኛ ነኝ፤ ካርዱ ይወጣል፣ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ጡረታዬ ይንጠለጠላል ብዬ ፈራሁ። ለራሴ ብዬ አንዲትን ደኅና ሴት አንድ ወር ተጨማሪ ቁጭ ብላ እንድታድር ፈረድኩባት። ከዚያ ነው ኬኩ የተቆረሰው።

በሸኙኝ በሦስተኛው ቀን ከቱሉ ዲምቱ ታክሲ ይዤ ኮዬ ፈጬ ሄድኩ። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይሆናል። በሩን የከፈተችልኝ ሙኒራ ናት፤ ከስታለች።

«ሲስተር፣ ምን እግር ጣለዎት? ይግቡ፣ ይግቡ» ብላ ለስላሳ ልታመጣ ተጣደፈች። እትዬ ዘይነባ በግራም በቀኝም በትራስ ተደግፈው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። በዓይናቸው «ንገሪያት» አሉኝ።

ለስላሳውን ሳልነካ ጀመርኩ። «ሙኒራ፣ አባትሽ የሞቱ ቀን የነገርኩሽ ልክ አልነበረም።» ከዚያ ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገርኳት፤ ሳልጠብቅ የሰጠሁትን ክኒን፣ ክኒኑ ሳንባቸው ውስጥ ያደረገውን፣ ተቀመጡ ለማለት አረፍ ይበሉ ማለቴን፣ ግራ ጎናቸውን፣ አርባ ደቂቃውን፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ዓይኗን ሳላይ የተናገርኩትን። «አንቺ ያደረግሽው የታዘዝሽውን ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ጤነኛ ሰው ተንጋሎ ቢተኛ ምንም አይሆንም።»

እጇ ላይ ያለውን የጠርሙስ መክፈቻ ታገላብጣለች።

«ያን ቀንም ያውቁ ነበር?» አለችኝ።

«የመድኃኒቱን በሳምንቱ ነው ያወቅኩት። የተናገርኩትን ቃል ግን ያን ቀንም አውቅ ነበር።»

«እኔም አንድ ነገር አለ» አለች። «ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለእማም። ሳስተኛው አባባ 'ቀና አድርጊኝ' ብሎኝ ነበር። ሁለቴ ነው ያለኝ። እኔ 'ሲስተር ተኛ ብለዋል' አልኩት። 'ሲስተር ካለችስ እሺ' አለኝ። ከዚያ ነው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞርኩለት።»

እኔ ሸክም ላቀልላት የሄድኩ መስሎኝ ነበር። ጋሽ ሰማን ክኒኑን ተቀብለውኛል፣ ቃሌንም ተቀብለውኛል፤ ሰውነታቸው የነገራቸውን ትተው እኔን አምነው ነው የሞቱት። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት መሰለኝ። መክፈቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

በመሀል እትዬ ዘይነባ ከሶፋው ላይ ቀስ ብለው «እንግዲያው እኔ መተኛት እችላለሁ?» አሉ።

«ይችላሉ» አልኳቸው። እኔን አላዩኝም፤ የሚያዩት ልጃቸውን ነው።

«ተኚ እማ» አለች ሙኒራ።

እትዬ ዘይነባ ግድግዳውን ተደግፈው ወደ መኝታ ቤት ገቡ። በሩን አልዘጉትም። አልጋው ላይ ወጡ፣ በጀርባቸው ተዘረጉ፣ እግራቸውን አንድ በአንድ አቃኑ። እኛ ብድግ ብለን በሩ ጋ ስንደርስ እያንኮራፉ ነበር። ሙኒራ መቃኑን ይዛ ቆመች። ዓይኗን ከእናቷ ደረት ላይ አላነሣችም። ደረታቸው ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ጭንቀት ሁሉ ለቋቸዋል። የሙኒራ ትከሻ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እጄን ጣል አደረግኩባት። ቀስ ብላ ከእጄ ሥር ወጣች።

«አሁን ሂጂ» አለችኝ፣ ሳትዞር።

ካወቀችኝ ቀን ጀምሮ አንቱ ስትለኝ የኖረች ልጅ ናት። ቦርሳዬን አነሣሁና ወጣሁ።